ካርዱ ለምን ሞተ? በአድናቂዎች ጉባኤ ሰሞን በአንድ ሆቴል የገጠመ የቁልፍ ችግር (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

ይህ ጽሑፍ በካሊፎርኒያ ግዛት በአናሃይም ከተማ በሚገኝ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ አንድ የመዝናኛ ኩባንያ ለአድናቂዎቹ ባዘጋጀው የሦስት ቀን ጉባኤ ሰሞን የደረሰውን የበር ቁልፍ ችግር ከአነሳሱ እስከ አፈታቱ ይመዘግባል። በወቅቱ በእንግዳ መቀበያው የሌሊት ፈረቃ ኃላፊ ስለነበርኩ የምጽፈው ያየሁትን፣ ያደረግሁትንና የተሳሳትሁትን ነው። የሆቴሉን፣ የመቆለፊያውን አምራችና የሰዎቹን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። በዱባይም ሆነ በዋሽንግተን፣ በአዲስ አበባም ጭምር በሆቴል መቀበያ ላይ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን ተመሳሳይ መሣሪያ በየቀኑ ይጠቀማሉ፤ ሥልጠና ላይ ግን የሚነገረን ኮምፒውተሩ ላይ ምን እንደምንጫን እንጂ በሩ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ አይደለም። ጉዳዩን መዝግቦ ማቆየት ይገባል ያልሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አማርኛ በሩ ላይ ያለውንም በእጅ የሚያዘውንም «ቁልፍ» ስለሚል፣ ግራ እንዳያጋባ በሩ ላይ ያለውን «መቆለፊያ»፣ እንግዳው የሚይዘውን «ካርድ» እላለሁ። ሰዓቶቹ በአገራችን አቆጣጠር፣ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከተማውና እንግዶቹ

ዲዝኒላንድ በአናሃይም የተከፈተው በ1955 ሲሆን፣ በአቅራቢያው ያለው የከተማዋ የጉባኤ ማዕከል ደግሞ በ1967 ሥራ ጀምሯል። የመዝናኛ ኩባንያዎች ራሳቸው የሚደግሷቸው የአድናቂ ጉባኤዎች ከዚህ አዳራሽ ጋር የቆየ ትስስር አላቸው። ብሊዛርድ የተሰኘው የቪዲዮ ጌም ኩባንያ የመጀመሪያውን ብሊዝኮን በ2005፣ ዲዝኒም የመጀመሪያውን ዲ23 ኤክስፖ በ2009 ያካሄዱት እዚሁ ነው። እንዲህ ያለ ጉባኤ ሲኖር በዙሪያው ያሉ ሆቴሎች እስከ መጨረሻው ክፍል ይሞላሉ።

እንግዶቹ ግን እኛ ከለመድናቸው የተለዩ ናቸው። ለሥራ የሚመጣ ሰው ክፍሉን ለብቻው ይይዛል፣ አንድ ካርድ ይወስዳል፣ እስኪወጣ ድረስም ሪሴፕሽን ላይ ላናየው እንችላለን። የጉባኤው አድናቂዎች አብዛኞቹ ወጣቶች ስለሆኑ ወጪውን ለመካፈል ሁለት አልጋ ባለው ክፍል አራት ሆነው ያድራሉ፤ ከተለያየ ከተማ በተለያየ ሰዓት ይደርሳሉ፤ ለወረፋ ጎህ ሳይቀድ ወጥተው እኩለ ሌሊት ላይ፣ የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ አልባሳት እንደለበሱ ይመለሳሉ። ክፍሉ የተያዘው በአንዷ ስም ነው፤ ሌሎቹ ሦስቱ በመዝገባችን ላይ የሉም። አሁን ሳስበው፣ ከበሩ ቀድሞ የተበላሸው መዝገቡ ነበር።

መቆለፊያው እንዴት ያስባል

በካርድ የሚከፈት የሆቴል በር ጅማሬው በ1970ዎቹ ነው። ኖርዌያዊው ቱር ሶርነስ ቀዳዳዎች ያሉት የፕላስቲክ ካርድ ሠርቶ፣ እንግዳ በተለወጠ ቁጥር የበሩን ምስጢር መለወጥ የሚቻልበትን መንገድ አመጣ። ከዚያ ማግኔት ያለው ካርድ ተከተለ፣ ቀጥሎም እኛ ዘንድ ያለው፣ ውስጡ ትንሽ ቺፕ ያለበትና ወደ በሩ ሲጠጋ የሚነበበው ካርድ መጣ።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔም ለዓመታት ያላወቅሁት ነገር ቢኖር የእኛ ዓይነቱ መቆለፊያ ከሪሴፕሽኑ ኮምፒውተር ጋር በምንም መስመር የማይገናኝ መሆኑ ነው። ሽቦ የለውም፣ ኢንተርኔትም የለውም፤ በአራት ባትሪ ድንጋይ ብቻ የሚሠራ፣ ብቻውን በር ላይ የተቀመጠ ዘበኛ ነው። ታዲያ የትናንቱ እንግዳ መሄዱን በምን ያውቃል? በተራ ቁጥር ነው። ኮምፒውተሩ «አዲስ» የሚል ካርድ ሲጽፍ ከቀድሞው ከፍ ያለ ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። መቆለፊያው ይህን ከፍ ያለ ቁጥር ሲያነብ በሩን ይከፍታል፣ ቁጥሩንም ይመዘግባል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ዝቅተኛ ቁጥር ያለውን ካርድ ሁሉ አይቀበልም። «ቅጂ» የሚል ካርድ ሲጻፍ ግን ቁጥሩ ያው ስለሚሆን ሁለቱም፣ አራቱም ካርድ አብረው ይሠራሉ።

አዲስ አዋጅ የቀድሞውን እንደሚሽር ማለት ነው። ነገር ግን አዋጁ የሚጸናው በሩ ላይ ሲነበብ ነው። አዲሱ ካርድ ተጽፎ በእንግዳው ኪስ ውስጥ እስካለ ድረስ አሮጌው መክፈቱን ይቀጥላል፤ መቆለፊያው ወሬውን የሚሰማበት ሌላ መንገድ የለውምና።

የመጀመሪያው ሌሊት

ጉባኤው ዓርብ ይጀመር ስለነበር እንግዶቹ በብዛት የገቡት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ግን የገቡት ሰዎች ካርድ ይዘው ተመልሰው መምጣት ጀመሩ። አቤቱታቸው አንድ ነበር፤ ካርዱ ከሁለት ሰዓት በፊት ይሠራ ነበር፣ አሁን ግን በሩ ላይ ቀይ መብራት ብቻ ያሳያል። እኛም ይቅርታ ጠይቀን አዲስ ካርድ እንጽፍላቸዋለን። ብዙም ሳይቆይ ከዚያው ክፍል ሌላ ሰው የሞተ ካርድ ይዞ ይወርዳል፤ ለእሱም አዲስ እንጽፋለን። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ድረስ ሰልፉ ከሊፍቱ በር አልራቀም። በማግስቱ የጽሕፈት መዝገቡን ሳይ ለአንድ ክፍል ብቻ በአንድ ሌሊት 11 ካርድ ጽፈናል።

ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍል ደግሞ ምንም ካርድ አልቀበልም አለ። ከጊዜ በኋላ እንደተረዳነው፣ በሩ ላይ ሳይነኩ የቀሩ «አዲስ» ካርዶች ስለበዙ ኮምፒውተሩ በተራ ቁጥር በጣም ቀድሞ ሄዶ፣ መቆለፊያው የሚጠብቀውን ክልል አልፎት ነበር፤ መቆለፊያው ከመዘገበው ቁጥር እጅግ የራቀውን አይቀበልምና። ያን ሌሊት ግን ይህን ስላላወቅን ካርድ ሳይሠራ ሲቀር በሩ የሚከፈትበትን የብረት ቁልፍ ከካዝና አውጥተን በመቆለፊያው ሽፋን ሥር ባለችው ቀዳዳ ነው የከፈትነው። ቁልፉ ለመዞር እጅግ አስቸግሮ ነበር፤ ቁልፉ ከካዝና ሲወጣ የሚፈረምበት መዝገብ ላይ የመጨረሻው ፊርማ ሁለት ዓመት አልፎታል።

የተሳሳተው ግምት

ሪሴፕሽን ላይ የቆየ ሰው ሁሉ የሚናገራት አንዲት ማስጠንቀቂያ አለች፤ «ካርዱን ከስልክዎ ጋር አያስቀምጡ» የምትል። ይህ በማግኔት ካርድ ዘመን እውነት ነበር፤ ቺፕ ያለው ካርድ ግን በስልክ ማግኔት አይጠፋም። ልማድ ሆኖብን ያን ሌሊት ለእንግዳው ሁሉ ይህንኑ ስንደግም አደርን።

ዓርብ ጠዋት የተሻለ የሚመስል ምክንያት አገኘን። የጉባኤ ባጆች ዛሬ ዛሬ ራሳቸው ቺፕ ይኖራቸዋል፤ ለምሳሌ የሳን ዲዬጎው ኮሚክ ኮን ባጁን ወደ ቺፕ የለወጠው በ2016 ነው። የእኛም እንግዶች የክፍላቸውን ካርድ ከባጁ ጋር አንገታቸው ላይ በተንጠለጠለች አንዲት ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ነበር የሚይዙት። ሁለት ቺፕ በአንድ ጊዜ ወደ አንባቢው ሲጠጉ አንባቢው የትኛውን እንደሚያነብ ግራ ይገባውና ቀይ ሊያበራ ይችላል። እኔ ራሴ ሞክሬ አየሁት፤ ባጅና ካርድ ተደራርበው ቀይ፣ ካርዱ ለብቻው ሲወጣ አረንጓዴ ሆነ። ምክንያቱን አገኘሁት ብዬ እፎይ አልሁ።

ግኝቱ እውነት ነበር፤ ግን የችግሩን ትንሽ ክፍል ብቻ ነው የሚገልጸው። ለብቻው ወጥቶም የማይከፍት ካርድ ብዙ እንደነበር እያወቅሁ፣ በእጄ የገባውን ማስረጃ ስለወደድሁት ሌላውን አላየሁትም። ከፈረቃ ልወጣ ስል የጽዳት ክፍል ተቆጣጣሪያችን፣ በዚህ ከተማ ሆቴሎች ውስጥ ለረጅም ዓመታት የሠራች እናታችን፣ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። «አንተ ልጅ፣ ካርዱን ምን እያደረጋችሁት ነው? አንዷ ከፍታ ስትገባ እኮ ነው የሌላዋ የሚሞተው፤ አሁን በዓይኔ አየሁ» አለችኝ። እኔም በድካም መንፈስ ሆኜ «ባጁ ነው እናቴ፣ ባጁን ለይተው ይያዙ» ብያት ሄድኩ። መፍትሔው በቃሏ ውስጥ ነበር።

ዓርብ ሌሊት

ዓርብ ማታ ሰልፉ ተመለሰ፤ ከሰልፉም ጋር ሌላ አደጋ መጣ። ከምሽቱ 5፡36 ላይ ከፎም የተሠራ ጥሩር የለበሰና ፊቱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የራስ ቁር ያደረገ ሰው ለአንድ ጊዜያዊ ሠራተኛችን የአራተኛ ፎቅ ክፍል ቁጥር ነገረው፤ ክፍሉ የተያዘበትን ስምም ጠራ፤ መታወቂያው ክፍሉ ውስጥ እንደቀረ ተናገረ። ለዚያ ክፍል በዚያ ምሽት ብቻ ሦስት ካርድ ስለተጻፈ ልጁ አልተጠራጠረም፤ ከኋላውም ትዕግሥቱ ያለቀ ሰልፍ ነበር። ካርዱን ጽፎ ሰጠው።

ሰውዬው የሆቴሉ እንግዳ አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ የቀረችው ጓደኛው ቦርሳዋን እንዲያመጣላት ልካው ነው። በክፍሉ ውስጥ ግን ደክሟት ቀድማ የተኛች ሌላ ልጅ ነበረች፤ ጓደኞቿ ስለሚመጡ የውስጡን መቀርቀሪያ አልዘጋችም። ስትነቃ ፊቱ የማይታይ ሰው አልጋዋ አጠገብ ቆሟል። ጮኸች፤ እሱም ደንግጦ ወጣ። አካላዊ ጉዳት አልደረሰባትም፤ ሪሴፕሽን ስትደርስ ግን እጇ እየተንቀጠቀጠ የሰጠናትን ውኃ መያዝ አልቻለችም።

ተረኛው ማናጀር መቆለፊያው እንዲነበብ አዘዘ። የጥገና ባለሙያው የእጅ መሣሪያውን በሩ ላይ ሰክቶ የመጨረሻዎቹን አከፋፈቶች አወጣ። መዝገቡ በሩ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው በ4፡41 መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ ማንም እንዳልገባ ያሳያል። ልጅቷ ደግሞ ሰዓቱ 5፡40 አካባቢ እንደነበር ትናገራለች። ቅዠት ይሆን እንዴ የሚል ቃል ከመካከላችን ወጣ። እኔም ለጥቂት ደቂቃ ያንን ቃል ተቀብዬ ነበር፤ ፊቴ ላይ አይታው እንደሆነ ማሰብ ዛሬም ያሳዝነኛል።

እውነቱን ያወጣው የጥገና ባለሙያው ነው። የመሣሪያውን ሰዓት ከስልኩ፣ የመቆለፊያውንም ከመሣሪያው ጋር አስተያየና መቆለፊያው አንድ ሰዓት ወደኋላ መቅረቱን አገኘ። በአሜሪካ በየዓመቱ በመጋቢት የሰዓት አቆጣጠሩ በአንድ ሰዓት ወደፊት ሲገፋ ስልኩም ኮምፒውተሩም ራሳቸው ተስተካክለዋል፤ ከማንም ጋር የማይገናኘው መቆለፊያ ግን ሰው ሄዶ ካልነገረው አያውቅም። ስለዚህ 4፡41 የተባለው 5፡41 ነበር፤ የተራ ቁጥሩም ልጁ በ5፡36 ከጻፈው ካርድ ጋር አንድ ሆነ። ማናጀሩ ወዲያውኑ ወርዶ ልጅቷን ይቅርታ ጠየቀ፣ ክፍልም ቀየረላት።

ሙከራው

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤቴ አልሄድኩም። መጀመሪያ የጽዳት ተቆጣጣሪዋን ፈልጌ ያየችውን እንደገና እንድትነግረኝ ለመንኋት፤ ከዚያ ከጥገና ባለሙያው ጋር ባዶ ክፍል ይዘን ሞከርን። አንድ «አዲስ» ካርድና ሦስት «ቅጂ» ጻፍን፤ አራቱም በየተራ አረንጓዴ አበሩ፣ የመቆለፊያው ሞተርም በእያንዳንዱ እዝዝ እያለ ተከፈተ። ቀጥሎ አምስተኛ ካርድ «አዲስ» ብለን ጽፈን በሩን ሳንነካበት ያዝነው፤ አራቱ አሁንም ከፈቱ። አምስተኛውን አንድ ጊዜ ብቻ አስነካነው። ከዚያ በኋላ አራቱም ቀይ ሆኑ።

ሁለት ሌሊት ያደረግነው ገባን። ቀድማ ለገባችው እንግዳ ካርድ ሰጠን። ዘግይታ ለደረሰችው «አዲስ» ጻፍንላት፤ እሷ በሩን ስትነካ የመጀመሪያዋ ካርድ ሞተ። የመጀመሪያዋ ስትወርድ «አዲስ» ጻፍንላትና የሁለተኛዋን ገደልነው። መድኃኒት ብለን የምንሰጠው ራሱ በሽታውን ያራባው ነበር። «አዲስ»ን የምንመርጠውም በስንፍና አልነበረም፤ ስክሪኑ ላይ አስቀድሞ ተመርጦ የሚመጣው እሱ ነው፣ ሥልጠናውም ካርድ ጠፋብኝ ላለ እንግዳ ሁሌ «አዲስ» እንድንጽፍ ያዝዛል። ትእዛዙ ለጠፋ ካርድ ትክክል ነው። ክፍል ለሚጋሩ አራት ሰዎች ግን አይሆንም።

የተወሰደው እርምጃ

ከቅዳሜ 9 ሰዓት ጀምሮ ክፍል የሚጋሩትን ሁሉ በስማቸው መዘገብን፤ ለተመዘገቡት ልክ ካርዶቹን በአንድ ጊዜ አንዱን «አዲስ»፣ የቀሩትን «ቅጂ» አድርገን ሰጠን። ከዚያ በኋላ ለሚመጣ የተመዘገበ ሰው «ቅጂ» ብቻ ይጻፋል። «አዲስ» የሚጻፈው ካርድ በእርግጥ ሲጠፋ ወይም ሲሰረቅ ሲሆን፣ ያኔም ከእኛ አንዱ እንግዳውን ተከትሎ ወጥቶ ካርዱ በሩን መንካቱን በዓይኑ ያያል። ይህ እስካልሆነ የጠፋው ካርድ አሁንም ይከፍታል።

ማንነትን በተመለከተ ጭንብልና የራስ ቁር ይወልቃል፣ መታወቂያ ይታያል። መታወቂያው ክፍል ውስጥ ከቀረ ካርድ አይሰጥም፤ የጥበቃ ሠራተኛ አብሮ ወጥቶ፣ አንኳኩቶ፣ በሩን ከፍቶ መታወቂያውን ያያል። የጉባኤ ባጅ መታወቂያ አይደለም። አንዳንዶች ይከፋቸዋል ብለን ፈርተን ነበር፤ ምክንያቱን ስንነግራቸው ግን የራስ ቁራቸውን ሲያወልቁ የተቆጣ አላየሁም። በተለይ ሴቶቹ አመሰገኑን።

ቅዳሜ ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ሰልፍ አልነበረም። ካርድ ይዘው የተመለሱት ጥቂቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ባጅና ካርድ ደርበው የያዙ ነበሩ።

ያልሠራው

በስልክ የሚከፈተውን ዲጂታል ቁልፍ ለሰልፉ ማቃለያ እንዲሆን ለእንግዶች አቅርበን ነበር፤ አልተሳካም። ቁልፉ የሚደርሰው ክፍሉን ለያዘችው አንዲት ሰው ስልክ ነው፤ እሷ አዳራሽ ውስጥ ሳለች ጓደኞቿ በር ላይ ይቆማሉ። ቀኑን ሙሉ ፎቶ ሲያነሳ የዋለ ስልክም ማታ ባትሪው አልቆ ይመጣል። በመርሕ ደረጃ የምቃወመው አይደለም፤ ለብቻው ለሚያድር እንግዳ ጥሩ ነው።

ስክሪኑ ላይ አስቀድሞ የሚመረጠው «ቅጂ» እንዲሆን የሶፍትዌር አቅራቢውን ጠይቀን ለውጡ የመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ በየኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ «አዲስ ካርድ የሌላውን ይገድላል» የሚል ወረቀት ለጥፈን ሠራን። ጊዜያዊ ሠራተኛውን ከሥራ የማሰናበት ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ እኔ ተቃወምሁ። ጭንብል የለበሰ ሰው ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ የነገርነው ሰው አልነበረም፤ ያን መንገር ደግሞ የእኔ ሥራ ነበር።

የሰዓቱ እርማት እጅግ አድካሚ ሆነ። ብቻውን የሚሠራ መቆለፊያ ጉድለቱ ሁሉ የሚታረመው በእግር እየዞሩ ነው። በዓለም ደረጃም የታየው ይኸው ነው። በ2012 ላስ ቬጋስ ላይ በተካሄደ የደኅንነት ጉባኤ ኦኒቲ የተባለው አምራች የሆቴል መቆለፊያዎች ከሥራቸው ባለችው መሰኪያ በኩል በርካሽ መሣሪያ እንደሚከፈቱ ሲገለጥ፣ ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ ቀዳዳዋን የሚደፍን ክዳን በየበሩ መግጠም ነበር። በመጋቢት 2024 ተመራማሪዎች በ131 አገሮች ከ3 ሚሊዮን በላይ በሮች ላይ ያለው ሳፍሎክ የተባለ መቆለፊያ በሁለት የተፈበረኩ ካርዶች እንደሚከፈት ሲያስታውቁ፣ አምራቹ ነገሩን ከ2022 ጀምሮ ቢያውቅም እስከዚያ ቀን የታረመው 36 በመቶው ብቻ ነበር። የእኛ ችግር ከእነዚህ ጋር አይገናኝም፤ የሚመሳሰሉት እያንዳንዱ በር ጋ ሰው መድረስ ያለበት በመሆኑ ነው።

ሌላ ቦታ የሚጠቅመው

በካርድ የሚከፈት በር ያለው ሆቴል፣ የእንግዳ ማረፊያም ይሁን የተማሪዎች ማደሪያ፣ ባዶ ክፍል ይዞ እኛ ያደረግነውን የአምስት ካርድ ሙከራ ቢያደርግ ሩብ ሰዓት አይፈጅበትም። ለሠርግ ከውጭ የሚመጡ ቤተሰቦች ሦስትና አራት ሆነው በአንድ ክፍል በሚያርፉበት የአዲስ አበባ ሆቴልም ይኸው ሊገጥም ይችላል። አምራቾች ይለያያሉ፤ የትኛው ካርድ የትኛውን እንደሚሽር ከመመሪያው ይልቅ በሩ ራሱ በግልጽ ይናገራል።

ካርድ ጠፋ ሲባል አዲስ መጻፍ ሥራው ግማሽ ነው፤ ቀሪው ግማሽ በሩ ድረስ መሄድ ነው። የመቆለፊያ መዝገብ ለምስክርነት ከመቅረቡ በፊት ደግሞ ሰዓቱ ከእጅ ሰዓት ጋር ይተያይ፤ አለዚያ ያልታረመ ሰዓት እውነት የተናገረን ሰው ውሸታም ያደርጋል። የብረቱ ቁልፍ በየሦስት ወሩ ወጥቶ በአንድ በር ላይ እንዲሞከር ወስነናል። ከፈረቃ ወደ ፈረቃ በምንረካከብበት ሰዓትም የጽዳት ክፍሉ ተወካይ እንዲገኝ አድርገናል፤ በር ላይ የሚሆነውን ቀኑን ሙሉ የሚያዩት እነሱ ናቸው።

በኅዳር ሰዓቱ ተመልሶ ሲለወጥ የጥገና ባለሙያው በሮቹን ሁሉ ዞረ። በ14 ክፍሎች መቆለፊያው በደከመ ባትሪ የተነሳ ሰዓቱን ጨርሶ ስቶ አገኘው፤ እነዚህን ለይተን በየወሩ እያየናቸው ነው።